ግድግዳው አብሮ ሲዘምር

አያቴ፣ እግዚአብሔር ከሚያመሰግኑት ጋር ያኑራቸውና፣ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ያለው ሳሎናችን ውስጥ ሁለት ትልልቅ የድሮ ስፒከሮች ነበሯቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የበገና መዝሙር ይከፍታሉ። ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ ካጓራ «ግድግዳው አብሮ እየዘመረ ነው» ይሉና ስፒከሮቹን ከግድግዳው ፈቀቅ ያደርጓቸዋል። ከዚያ እኔን ሶፋው ላይ አስቀምጠው እጄን ደረቴ ላይ ያስደርጉኛል።

«ድምፁ እዚህ ገባ?»

«ገባ፣ አባባ።»

«ዋሸሽ! ለመሄድ ቸኩለሽ ነው» ብለው ይስቁና እንደገና ፈቀቅ ያደርጓቸዋል።

ሲያርፉ ሰው አገር ነበርኩ፤ አፈር አላለበስኳቸውም። ባለፈው እሑድ እማዬ ደውላ፣ «ስፒከሮቹ ተበላሹ መሰለኝ፣ ያጓራሉ። ለቆራሌው ልስጣቸው?» አለችኝ።

«የት ነው ያሉት?»

«ለለቀስተኛው ቦታ ስንለቅ ጥግ ገፋናቸው።»

«እማዬ፣ ግድግዳው አብሮ እየዘመረ ነው። ስንዝር ያህል ሳቢያቸው።»

ስልኩን አስቀምጣ ስትጎትታቸው ትንፋሿ ይሰማኛል። በገናው ጀመረ።

«እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ። ገባ?»

«ገባ፣ ልጄ» አለችኝ እያለቀሰች።

ቤዝ በስልክ አይመጣም። እኔም ግን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ገባ፣ አባባ» አልኩና፣ «ዋሸሽ!» እንዲሉኝ ጠበቅኩ።