የበጎቹን ጆሮ ያደባለቅሁ ዕለት

ያን ጊዜ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የግብርና ባለሙያ ሆኜ እየሠራሁ፣ ጎን ለጎን ሁለተኛ ዲግሪዬን በስታቲስቲክስ እማር ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፌ ስድሳ የመንዝ አውራ በጎችን ለካሁ፤ ከጆሮ ርዝመት እስከ ላት ስፋት፣ ከእያንዳንዱ በግ አርባ ልኬት። አንደኛው በግ የአጎቴ ነበር። አጎቴ እንደ አባት ሆነው ያሳደጉኝ ሰው ናቸው፤ በጉን ደግሞ ካላቸው ከብት ሁሉ አስበልጠው ይወዱታል። የጎረቤት እንስት በጎች ሁሉ የሚወልዱት ከእሱ ነው።

ክብደትና ዕድሜ ያመጡትን ልዩነት ቀነስኩና ልኬቶቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚዛመዱ የሚያሳይ አርባ በአርባ ሠንጠረዥ ሠራሁ። እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ ማትሪክስ እንለዋለን። ከማትሪክሱ አይገንቫልዩ የሚባሉ አርባ ቁጥሮች ይወጣሉ። አንዱ ቁጥር በጣም ከተለቀ፣ ብዙ ልኬቶች ተባብረው በጎቹን በአንድ አቅጣጫ እየለዩ ነው ማለት ነው። ምንም ዝምድና ከሌለ አርባዎቹም ከቁጥር አንድ ብዙ አይርቁም ብዬ አምን ነበር። የእኔ ትልቁ ግን ከሦስት በላይ ወጣ። የዘር ምሥጢር አገኘሁ ብዬ ዘለልኩ! በጎቹን በዚያ አቅጣጫ ስደረድራቸው የአጎቴ በግ መጨረሻ ላይ ቁጭ አለ።

አፌን በቆረጠው! ሄጄ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «ጋሼ፣ ይሄ በግ ዘሩ ደካማ ነው፤ ለርቢ አይሆንም» አልኳቸው። በእኛ አገር ለዘር የማይሆን አውራ ይኮላሻል፤ ሙክት ሆኖ ይሰባና ለበዓል ይታረዳል። አጎቴ በጉን አየት አድርገው ወደ በረቱ አስገቡት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቢሮዬ ጎራ አሉ። «ነገ ጠዋት ይኮላሻል፤ ለሚያኮላሸውም ሰው ነግሬዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ትክ ብለው አዩትና፣ «እኔ የምልሽ፣ ያንዱን በግ ጆሮ ለሌላው፣ የዚያን ላት ለዚህኛው ብትሰጪ ይሄ ዕቃ ያውቅብሻል?» አሉ፣ እየሳቁ።

«እንዴታ! ወዲያው ነው የሚያውቀው!» አልኩ፣ ቱግ ብዬ።

ከሄዱ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እስቲ ብዬ ልኬቶቹን አንድ በአንድ በበጎቹ መካከል አደባለቅኋቸው፤ የአንዱ ጆሮ ከሌላው ላት፣ የአንዱ ቀንድ ከሌላው ቁመት ጋር ሆነ። አሁን ዘር የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም። ትልቁ አይገንቫልዩ ግን አሁንም ከሦስት በላይ! ደግሜ አደባለቅሁ። ያው ነው። ደጋግሜ ብሞክርም ያው። ስድሳ በግ ለአርባ ልኬት ጥቂት ነው፤ እንዲህ ሲሆን አጋጣሚ ብቻውን አንዳንዱን ቁጥር ወደ ላይ ይለጥጠዋል፣ አንዳንዱን ወደ ዜሮ ያወርደዋል። በጎቹ ብዙ ሺህ ቢሆኑ ኖሮ ሁሉም ወደ ቁጥር አንድ በተጠጉ ነበር። እኔ ምሥጢር ያልኩት ባዶ ነገር ነው። ጉዴ ፈላ!

በማግስቱ ገና ሲነጋ እስከ አጎቴ ቤት ያለውን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በሩጫ አቀለጥኩት። ስደርስ በጉ አራት እግሩን ታስሮ ተጋድሟል፤ የሚያኮላሸው ሰውዬ እጅጌውን ይሰበስባል።

«ተዉት! በናታችሁ ተዉት!» ትንፋሽ አጥሮኛል። «ተሳስቻለሁ ጋሼ! ደካማው የእኔ ሒሳብ ነው፤ በጉ ምንም የለበትም!»

ሰውየው፣ «ታዲያ ለዚህ ነው በዚህ ውርጭ ያስነሣችሁኝ?» ብሎ ተነጫነጨ። አጎቴ ሳይቸኩሉ ገመዱን ፈቱ። በጉ ተነሥቶ ራሱን አራገፈና ወደ እንስቶቹ ሄደ። እፎይ! መሬት ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩና እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ትንሽ ስረጋጋ፣ «ግን ጋሼ፣ እርስዎ በጉ ጥሩ መሆኑን አያውቁም ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«ዐውቃለሁ እንጂ፤ ግልገሎቹን በየዓመቱ አያለሁ» አሉኝ ገመዱን እየጠቀለሉ። «አንቺ ስትይኝ ጊዜ ነው ዓይኔን የተጠራጠርኩት።»