ያላደረስኩት የእማ ጥሩ ቃል

ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ባለፈው ጾም መስቀላቸውን ስሳለም ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ይህን የምታነቡ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎቼ ናችሁ። ስለዚህ ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያት ሲቀድም ጥፋት ያንሳል። አንዲት እናት በእኔ አፍ የላኩትን ቃል አላደረስኩም። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም፣ ሁለት ጊዜ።

እንጅባራ ዳር፣ ከመንደራችን በታች፣ ሰፊ ሜዳ አለ። ፈረሰኛ ሲሞት የሚለቀሰው እዚያ ነው። የሟቹ ፈረስ ተጭኖና አጊጦ፣ ሰው ሳይቀመጥበት ይሳባል። የአካባቢው ፈረሰኞች ተከትለውት ሜዳውን ይዞራሉ። ከመንደራችን ወደዚያ የሚያወርድ መንገድ አንድ ብቻ ነው። በአንዱ ወገን ረግረግ ነው፤ በሌላው ለከሰል የተተከለው የዲከረንስ ዛፍ ከመጠቅጠቁ የተነሳ ሰው እንኳ በጎኑ ነው የሚያልፈው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ባለሀብት ከባሕር ዳር መጡ። በመንገዱ ግርጌ ትልቅ አዳራሽ ሊሠሩ ነበር። ዘፋኝ፣ ቴአትርና ቀልደኛ በአካል የሚታይበት፣ የእኛ አገር ዝናብ የማያቋርጠው አዳራሽ። እኔ ከሁሉ በላይ ጓጓሁ። ቦታውን ከከተማው ተረክበዋል፤ ለአጥሩ ግን የእማ ጥሩ ጓሮ ጥግ ያስፈልግ ነበር። እማ ጥሩ ጎረቤታችን ናቸው፣ ከአዊኛ በቀር ቋንቋ አያውቁም። ባላቸው ጋሽ ደሴ አማርኛ ይችላሉ፤ ያን ቀን ግን ዳንግላ ለቅሶ ሄደው ነበር። ስለዚህ ለማስተርጎም እኔ ተጠራሁ።

እኔ ሰው ካመሰገነኝ የማልሆነው ነገር የለም። ባለሀብቱ ገና ከመኪናቸው ሲወርዱ፣ «ተማሪ፣ አሳጥረህ ንገረኝ፤ ወሬ ሲረዝም ራሴን ያዞረኛል» አሉኝ። እሺ አልኩ። እማ ጥሩ በራቸው ላይ ቆመው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ጓሮዬን ይውሰዱ፣ ጎመን የትም ይበቅላል። አጥሩ ግን መንገዱን እንዳይዘጋብን። ሁለት ፈረስ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ በር ይተዉልን። የኔ ሽማግሌ በቁሙ ከፈረስ አልወረደም፤ ሞቶ በአጥር ሥር ሾልኮ አይሄድልህም።» መጨረሻውን ሲሉ ራሳቸው ሳቁ።

«ምን አሉ? በጣም ረዘመ» አሉ ባለሀብቱ።

«ፈቅጃለሁ፣ ይባርካችሁ ነው ያሉት» አልኩ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ጎበዝ፣ ማስተርጎም እንዲህ ነው» አሉኝ።

ለምን እንዲህ አደረግሁ? በር የሚል ነገር ከተነሳ ፕላኑ ይቀየራል፣ ፕላኑ ከተቀየረ አዳራሹን ዳንግላ ይወስዱታል ብዬ ፈራሁ። ይህ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ማፈሬ ነው። ከባሕር ዳር በመጡ ሰው ፊት ስለ ሬሳና ስለ ፈረስ ማውራት ኋላ ቀር ሆኖ ታየኝ። እማ ጥሩ አፋቸውን አምነው ቢሰጡኝ እኔ አፈርኩባቸው።

የድንጋይ አጥሩ ሲነሳ፣ «በሩ የታለ ልጄ?» ይሉኝ ነበር። «መጨረሻ ላይ ነው የሚከፈተው፣ እማ» እላለሁ። ማን እንዲህ አለኝ? ማንም። ጋሽ ደሴም ይህንኑ አምነው ባለሀብቱን ሳይጠይቁ ቀሩ። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ዕረፍት በመጣሁ ቁጥር በቤታቸው ፊት ላለማለፍ በዲከረንሱ ውስጥ እየተሽሎከሎክሁ እሄድ ጀመር።

አዳራሹ የተመረቀ ዕለት እንግዳ ከሚቀበሉት አስተናጋጆች አንዱ ሆንኩ። እማ ጥሩ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከመድረኩ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ይዘውኝ ቆሙ። ጋሽ ደሴ ከአልጋ መነሳት ካቆሙ ቆይተው ነበር። ከውስጥ ድምፅ ማጉያ እየሞከሩ ጆሮ ይበጥሳሉ። ባለሀብቱ በዚያ ሲያልፉ እማ ጥሩ ክንዴን ጨበጡ።

«ንገራቸው ልጄ። ሽማግሌዬ እየደከመብኝ ነው። በሩን ይክፈቱልን።»

«እኚህ እናት ምን ፈልገው ነው?» አሉ ባለሀብቱ።

በዚያ ሰዓት እውነቱን ብናገር ኖሮ የመጀመሪያው ቀን መደበቄም አብሮ ይወጣ ነበር። እኔም፣ «እንኳን ደስ ያለዎት ሊሉ ነው የመጡት» አልኩ።

ባለሀብቱ ጎንበስ ብለው ሁለት እጃቸውን ያዟቸው። «እሺ እናቴ፣ እሺ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።»

እሺን እማ ጥሩም ያውቃሉ። ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ስሸኛቸው፣ «ጨዋ ሰው ናቸው። እስከ ዛሬ በከንቱ ነው ያማኋቸው» አሉኝ።

ከዚያ ትርኢቱ ሊጀመር ሲል የአዳራሹ በር ተዘጋ። መስኮት የለውም። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ መቆም ነበረብኝ፤ ቦታ መልቀቅ አይፈቀድም። ቀልደኛው ስለ ባጃጅ ሾፌሮች ሲናገር ያ ሁሉ ሕዝብ በሳቅ ተንፈራፈረ። እኔም ሳቅሁ፣ አስተናጋጅ አይኮሳተርም ተብለን ነበርና። ያን ያህል ዘመን የጓጓሁለት አዳራሽ ውስጥ ቆሜ አየር አጠረኝ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ጋሽ ደሴን እንድጠይቅ ላከችኝ። እምቢ ብላት ለምን ልላት ነበር? ሄድኩ። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እሺ አሉ አይደል?» አሉኝ።

አቀርቅሬ ትራሳቸውን አቃናሁ። ይህንንም ትሕትና አደረጉልኝ።

«ዳማ ፈረሴን በደንብ እንዲቀልቡት አዝዣለሁ። በከሳ ፈረስ ጎትታችሁ እንዳታዋርዱኝ» ብለው ሳቁ፤ ሳላቸው አቋረጣቸው። ከዚያ እጄን ያዙና መረቁኝ። አንተ ነህ ያስፈጸምክልን አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ። ሰው በእርግማን ይታሰራል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔን ያሰረኝ ምርቃት ነው።

አሁን ብናገር የሚሞቱበትን ሰላም እነሳቸዋለሁ እላለሁ። ይህም ሰበብ ነው። ግንቡ ዛሬም በር ሊወጣለት ይችላል። የባለሀብቱ ስልክ ቁጥር እጄ ላይ አለ፤ ደውዬ ከመጥራቱ በፊት አቋርጬዋለሁ። ዝም ካልኩ ያ ቀን ይመጣል፤ ዳማው ተጭኖ፣ ፈረሰኞቹ ተከትለውት ወርደው ከድንጋዩ ፊት ይቆማሉ። እማ ጥሩም ባለሀብቱን ይረግማሉ። ምንም ያላጠፉትን ሰው።

ይቅር በሉኝ ልል ይህን ጀምሬ ነበር። አሁን ግን ሳስበው፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት በአማርኛ ነው። እማ ጥሩ አንዲት ቃሉን አይሰሙትም። ኑዛዜዬን እንኳ እሳቸው በማያውቁት ቋንቋ አደረግሁት። ስለዚህ እናንተ ይቅር አትበሉኝ። ይቅርታው የእሳቸው ነው፤ እኔም በአዊኛ ገና አፌን አልከፈትኩም።