ጉንፋን የያዘው ቃጭል

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሞተር ይሰጡኛል ብዬ ቀበቶዬን አጥብቄ ነበር የሄድኩት። ግምጃ ቤቱ ተከፈተ። ሞተሩ አለ፤ ቤንዚን የለም። መቼ ይመጣል ብዬ ጠየቅኩ። ቤንዚን መካነ ሰላም ሲደርስ አንቺ ጡረታ ትወጪያለሽ አሉኝ የግምጃ ቤቱ ሰውዬ፣ ሳይስቁ።

ከባዶ ጆንያ ክምር ጀርባ አንዲት ብስክሌት ግድግዳ ተደግፋለች። ጥቁር፣ ከባድ፣ ከእናቴ ዕድሜ የምትበልጥ። ሁለመናዋ ብረት ነው። ፍሬኗ እንኳ እንደ አሁኖቹ በሽቦ የሚሳብ አይደለም፤ ከመሪው እስከ ጎማው የሚወርድ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። መሪዋ ላይ የነሐስ ቃጭል አለ። አቧራውን ጠርጌ አንዴ መታሁት። ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ድምፁ የቤተ ክርስቲያን ነበር። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ፣ ግን ማን ልብ ይላል።

አለቃዬ ወይዘሮ አስካለ ናቸው፣ የእንስሳት ጤና ቡድን መሪዋ። መንዳት ትችያለሽ ወይ አሉኝ። እችላለሁ አልኩ። በልጅነቴ በትምህርት ቤቱ ሜዳ በኪራይ ሳይክል ጉልበቴን እየገሸለጥኩ ተምሬያለሁ። «እንግዲያው ሞተርሽ ይቺ ናት» ብለው የክትባት ሳጥኑን አስረከቡኝ።

ሥራዬ ዶሮ መከተብ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ አልመጣልኝም፤ አጭር ሥልጠና ወስጄ በኮንትራት ገባሁ። በማዕረግ ብትጠይቁኝ ከላይ የእንስሳት ሐኪሙ አለ፣ ከሥሩ ቡድን መሪዋ፣ ከዚያ የየቀበሌው ባለሙያዎች፣ ከሁሉም በታች እኔና ብስክሌቴ።

የምንከትበው ለፈንግል ነው። አዲስ የምትቀጠሩ ልጆች ይሄን ከሥልጠናው በላይ ከመንደሩ ታውቁታላችሁ። ዶሮዋ ጠዋት ታንቀላፋለች፣ ከሰዓት አንገቷ ይጠመዘዛል፣ በማግስቱ የለችም። ጎረቤቷም የለችም። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ቀድሞ መከተብ ነው፤ አንድ ጠብታ በአንድ ዓይን። ዶሮዋን በጎኗ ትይዛላችሁ፣ ራሷን ጋደም ታደርጋላችሁ፣ ጠብ ታደርጋላችሁ፣ ዓይኗን እስክታርገበግብ ጠብቃችሁ ትለቃላችሁ። የታመመችን አትነኩም። ክትባቱን ፀሐይ አታሳዩትም።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ዶሮ ከቆጥ ሳትወርድ መድረስ አለባችሁ። ከወረደች በኋላ የደረሰ ሰው እኩለ ቀን ድረስ ጓሮ ለጓሮ ሲያባርር ይውላል፤ እኔ አባርሬ አውቃለሁ። በዚያ ሰዓት ደግሞ ሚኒባስ የለም። ብስክሌቷ ግን ቤንዚን አትልም፣ ሰው እስኪሞላ አትልም።

ከመናኸሪያው ጀርባ ጋሽ እንድሪስ ብስክሌት ይጠግናሉ። ገፍቼ ስወስድላቸው የያዙትን ቁልፍ አስቀመጡ። «ወላሂ፣ ይቺ አልሞተችም እንዴ» አሉ። በወጣትነታቸው የከብት ክትባት ሠራተኛ ሲነዳት እሳቸው ነበሩ የሚጠግኗት። ኩሽኔቷን አውጥተው በናፍጣ አጠቡ፣ ግሪስ ቀቡ፣ ሰንሰለቷን አጠበቁ። የፍሬኑ ጎማ አልቆ ነበር፤ ልኩ የትም አልተገኘም። ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ቆርጠው ገጠሙበት። «ሲደርቅ ይይዛል። ሲረጥብ አላህ ይያዝልሽ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

መጀመሪያ አፍሬባት ነበር። ጓደኞቼ ከሙዚየም አወጣሻት ይሉኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አንድ በግ ዘሎ ገባብኝና ሁለታችንም ቦይ ውስጥ ተገኘን። በጉ ተነስቶ ሄደ። የፊት ጎማዋን የሚይዘው ሹካ ጎብጧል። አበቃላት ብዬ እያነከስኩ ወሰድኳት። ጋሽ እንድሪስ ረጅም ቱቦ ሰክተው፣ ጉልበታቸውን ተጭነው፣ ቀስ ብለው አቀኑት። «የብረት ደጉ ነገር ይቅር ባይ ነው። ይጎብጣል፣ ይቃናል። እነዚህ አዳዲሶቹ ቀላል ናቸው፣ ግን ቂመኞች ናቸው፤ አንዴ ከተሰነጠቁ አይመለሱም» አሉ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ለራሴም እነዳታለሁ። የደጋው ሜዳ ላይ ንፋሱ ከኋላ ሲሆን ከባድነቷ ራሱ ይጥማል፤ አንዴ ከተነሳች አትቆምም።

አትቆምም ያልኩት ነው ጉድ ያመጣው።

ወይራ አምባ ከአፋፉ በታች ያለ መንደር ነው። መንገዱ ቁልቁል ወርዶ በቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ይጠመዘዝና ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ሜዳ ላይ ይወጣል። የክትባት ቀን ልቆርጥ እየሄድኩ ነበር። ጠዋቱን ካፊያ ጥሏል። ቁልቁለቱ መሃል ፍሬኑን ጨበጥኩ። ጋሽ እንድሪስ ያሉት ደረሰ። ከመጠምዘዣው ወዲያ ፍየል ይኑር ሕፃን ይኑር አይታየኝም፤ ያለኝ ቃጭሉ ብቻ ነው። ሳላቋርጥ መታሁት።

አሁን ይሄን ስሙ። መንደሩ ውስጥ አንዲት አሮጊት በጠና ታመዋል። ቄሱ ሊያቆርቧቸው ይመጣሉ ተብሎ በዚያው ጠዋት እየተጠበቀ ነው። ቅዱስ ቁርባን ለበሽተኛ ሲወጣ ከፊት ዲያቆን ቃጭል እየመታ ይሄዳል፤ የሰማ ሁሉ ካለበት ተነስቶ ይሰግዳል። እኔ የታመመ ሰው መኖሩን አላውቅም። እነሱ የእኔን መምጣት አያውቁም።

ከጽዱ ጥግ ስወጣ ሜዳው ላይ ያለ ሰው በሙሉ መሬት ላይ ነው። ባርኔጣ ወልቋል፣ ጋቢ ተጣፍቷል፣ ግንባር ሣር ነክቷል። መጀመሪያ ቀና ያሉት አያ ይመር ናቸው፣ የመንደሩ ትልቅ ሽማግሌ። ያዩት ሱሪ የለበሰች ሴት ልጅ ነው፣ ሁለት እግሯን አየር ላይ ዘርግታ፣ ከኋላዋ የዶሮ ክትባት ሳጥን ጭና። «እንደምን አደራችሁ» አልኩ እያለፍኩ። ሌላ ምን ይባላል?

የቆምኩት ገብስ ማሳ ውስጥ ነው። ቀና ስል አንዲት ሴት ትስቃለች፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ። እትዬ ዘውዴ ናቸው፣ የአያ ይመር የገዛ ሚስት። ከእሳቸው ወደ ሌሎቹ ሴቶች ተዛመተ። ሳቁ ባይኖር ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። አያ ይመር ባርኔጣቸውን አራግፈው አደረጉና ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ።

«ለዶሮ መድኃኒት አሰገደችን። ሁለተኛ እዚህ መንደር እንዳትደርሺ። ዶሮውም ይለቅ።»

ስገዱልኝ አላልኩም አልኳቸው። እውነት ነው፣ ግን አልጠቀመኝም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማ ገባ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሴቶች ሲያዩኝ ነጠላቸውን አጣፍተው ጎንበስ ይሉልኝ ጀመር። አንዷ ቅቤ ሻጭ በረከትሽ ይድረሰን አለችኝ። ሳቅኩላት። ቤት ስገባ አልሳቅኩም።

ብዙም ሳይቆይ ፈንግል ከወንዙ ማዶ ገባ ተባለ። ክትባት ደግሞ በነጋታው አይሠራም፤ ዶሮዋ ላይ እስኪይዝ ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ወይራ አምባ ወይ አሁን ይከተባል ወይ ዶሮ አይኖረውም። ወይዘሮ አስካለ ሌላ ሰው እንዳይልኩ ሰው የለም፣ ሞተሩ ዛሬም ቆሟል። ቢሮ ጠሩኝ። ጥፋቱ የፍሬኑ ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። አስጨርሰው ሰሙኝ። «ፍሬን ነው ያለቀው ብዬ ለበላይ አልጽፍም። መንደሩ ካልተከተበ ኮንትራትሽን የማሳድስበት አፍ የለኝም። ሂጂና ታረቂ» አሉ።

መታረቅ አልችልበትም። ቀጥታ ወደ ጋሽ እንድሪስ ሄድኩና ቃጭሉን ንቀሉልኝ አልኳቸው። ምነው አሉ፣ ጠዋት ጠዋት በጉም ሰውም አይሰማሽም። ነገሩን ከነሳቁ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ሰውዬው የተቀየሙት ስለደወልሽ አይደለም» አሉ። «በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ሲያይ ምን ያደርጋል?»

«ይወርዳል።»

«ይቺስ ኮርቻ የላትም? ቁጭ ብለሽ እንደምን አደራችሁ አልሽ። ማሳው ውስጥ ቆመሽ እንኳ አልወረድሽም። የሰገዱትን ይረሱታል፣ ያልወረድሽውን ግን አይረሱም።»

ልክ ነበሩ፤ ማሳው ውስጥ ኮርቻው ላይ እንደተቀመጥኩ ነበር የተከራከርኳቸው። ፍሬኑን በአዲስ ጎማ ቀየሩ፣ በውሃም አርሰው ሞከሩት። ቃጭሉን አልነቀሉም። ውስጡ ቁራጭ ጎማ ለጠፉበት። መታሁት፤ ጠክ አለ። ደገምኩት፤ ጠክ ጠክ። «ጉንፋን ይዞታል» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «አብሽሪ፣ ለዚህ የሚሰግድ የለም።»

በማግስቱ ከሰዓት አፋፉ ላይ ደረስኩ። ፍሬኑ ይይዛል፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ መንዳት እችላለሁ። ወረድኩና ገፋኋት። ቁልቁለቱን በእግር ስሄደው ረጅም ነው፤ ቸኩዬ የማላየው ነገርም ብዙ ነው። ጽዱ ሥር ደርሼ፣ ከመጠምዘዣው በፊት፣ አንዴ መታሁት። ጠክ።

አያ ይመር ደጃቸው ላይ ሞፈር ይጠርባሉ። አዩኝ። ብስክሌቷን የአጥሩ ካስማ ላይ አስደግፌ፣ እጅ ነስቼ፣ ቆምኩ። መጥረቢያውን አላስቀመጡም።

«ይሄ ጠክ ጠክ የሚለው ምንድነው?» አሉ።

«ቃጭሉ ነው፣ አያ። ጉንፋን ይዞታል።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ብስክሌቷን አዩ። «ከዶሮዎቹ ተጋብቶበት ይሆናል» አሉ። ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም፣ ግን ጢማቸው ተነቃነቀ። ከቤት ውስጥ የእትዬ ዘውዴ ሳቅ ሲፈነዳ ሰማሁ።

«ያን ቀን ባለመውረዴ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

አያ ይመር መጥረቢያውን አስቀመጡ። «መውረድ ታውቂያለሽ ለካ። እኔ በልጅነት የሚማሩት እንጂ ከተማ ገብተው የሚማሩት አይመስለኝም ነበር። ነገ ዶሮ ሳይወርድ ነይ።»

በነጋታው ማለዳ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ ከቆጥ እያወረዱ የያዙልኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አያያዙን አንዴ አሳየኋቸው፤ ከዚያ ዓይኗን ሳታርገበግብ አልለቅም እያሉ የምቸኩለውን እኔኑ ያስጠብቁኝ ጀመር። ቀይ አውራ ዶሯቸው ጭኔን በጥፍሩ ቧጨረኝ። እትዬ ዘውዴ ጎረቤቶቻቸውን እየዞሩ ቀሰቀሱ። የቀረ ቤት የለም።

ደስ ብሎኝ የተመለስኩ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ሳምንት ፈንግል ወንዙን ተሻገረ። ከወይራ አምባ በታች ያለው መንደር ቀድሞ ስላልተከተበ አንድም አልተረፈም አሉ። ክትባቴ ይያዝ አይያዝ አላውቅም። ቀድሜ ደርሻለሁ ወይስ ዘግይቻለሁ? ዶሮዎቹ ከሞቱ ደግሞ ክትባቷ ነው የገደለብን መባሉ አይቀርም፤ ያኔ የዚያን ቀን ሳቅ ይናፍቀኛል። ቀጠሮ ወዳለኝ ሌላ መንደር ሁሉ ስነዳ ሐሳቤ እዚያ ነበር። ወይዘሮ አስካለም በጠዋት በተገናኘን ቁጥር ሰማሽ ወይ ይሉኛል። አልሰማሁም እላለሁ።

ፈንግል የገባበት መንደር የሚታወቀው በጆሮ ነው። ንጋት ላይ አይጮህም። ውሻ አለ፣ በሬ አለ፣ አውራ ዶሮ ግን የለም፤ ሰው መንጋቱን በብርሃን ብቻ ያውቃል። ከሳምንታት በኋላ አንድ ማለዳ መታገስ ስላቃተኝ፣ ማንም ሳይልከኝ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ብስክሌቷን አስነሳሁ። አፋፉ ላይ ወረድኩ። ንፋሱ ያፏጫል። ከታች ጭጋግ ነው፣ መንደሩ አይታይም። መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ቆምኩና ጆሮዬን ወደ ታች ጣልኩ።

ምንም የለም። ቆይቶም ምንም የለም። እጄ ቀዘቀዘ።

ከዚያ አንድ ጮኸ። ሻካራ ነው፣ ቶሎ ቶሎ የሚል፤ የአያ ይመር ቀይ አውራ መሰለኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሌላ መለሰለት። ከዚያ ከየቤቱ ተቀባበሉት፤ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ብርሃን ሲሆን ገፍቼ ወረድኩ። አያ ይመር በር ላይ ቆመው ጋቢያቸውን እያጣፉ ነበር። ምን ፍለጋ እንደመጣሁ አልጠየቁኝም። «አብሽሪ፣ ሁሉም ከነጩኸታቸው አሉ» አሉኝ። እትዬ ዘውዴ ከውስጥ ቃጭሉስ ተሻለው ወይ አሉ። ገና ነው አልኳቸው።

ኮንትራቴ ታድሷል። ሞተሩ አሁንም ቤንዚን ይጠብቃል፤ ቢመጣም አልፈልገውም ብያለሁ። ብስክሌቷን ለጊዜው የሚተካት የለም፣ ቃጭሉም ጠክ ይላል።

ለአዲሶቹ የምነግራችሁ ይቺን ነው። ፍሬናችሁ ያዘም አልያዘ፣ ሰው ፊት ከመድረሳችሁ በፊት ውረዱ።