ሥራ አስኪያጅ ያደረገኝ ወተት

ደብረ ብርሃን አጠገብ ካለው መንደራችን የወጣሁት ገና ዶሮ ሳይጮኽ ነው። እናቴ ኩራዝ ይዛ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ እሷ ግን ነጠላዋን አውልቃ በጋቢዬ ላይ ደረበችልኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ መሬታችንን በክርክር ተነጥቀን፣ አጎቴ ጓሮ ያለች ጎጆ ውስጥ ተጠግተን ነበር የምንኖረው። ድሬዳዋ አጠገብ ያለ የግል ከብት እርባታ ሥራ አስኪያጅ እንደሚፈልግ የሰማሁት እዚያው ሳለሁ ነው።

"ከተቀጠርኩ ቤት ይሰጡኛል፤ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው አሉ። መጥቼ እወስድሻለሁ" አልኳት።

"ማልልኝ።"

ማልኩላት። ስወጣ በሩ አጠገብ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን የሐሰንን ጣሳ በትከሻዬ ነካሁትና ኳ አለ።

ይህን ጣሳ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሐሰን ጨው ነጋዴ ነው፤ በመንደራችን ባለፈ ቁጥር እኛ ቤት ያርፋል። እናቴ እንደ ወንድሟ ነው የምትወደው፤ ንዳድ ይዞት አልጋ ላይ በወደቀ ጊዜ ያስታመመችው እሷ ናት። ግን እስላም ስለሆነ የሚጠጣው በዚያ ጣሳ ብቻ ነው። ሌላ ሰው አይነካውም፣ የሚታጠበውም ለብቻው ነው። ሐሰን ስቆ ይቀበላል፣ ስቆ ይመልሳል። እኔም ነገሩ ሰው ቅር ያሰኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አዲስ አበባ ገብቼ፣ ከለገሃር በሊቶሪና ባቡር ተሳፍሬ ድሬዳዋ ስወርድ፣ ጋቢዬን ከነነጠላው እንደተከናነብኩ ነበር። ጣቢያው ላይ ያሉት ሰዎች እየተጠቋቆሙ ሳቁብኝ። ሙቀቱን እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ እኛ አገር እንጀራ ሲጋገር ምድጃው ላይ ጎንበስ ስትሉ ፊታችሁን የሚገርፈውን ወላፈን አስቡ፣ እዚህ ቀኑን ሙሉ እሱ ነው። ይባስ ብሎ ሁሉም አንተ ይሉኛል። እኔስ ግድ የለም፤ ሽማግሌውንም ዳኛውንም አንተ ነው የሚሉት። አንቱ የምትባለው ቃል ባቡሩ አምልጧት አዲስ አበባ የቀረች መሰለኝ።

መጋላ ሰፈር ቤት ያከራየችኝ አዴ ፋጡማ የምትባል አሮጊት ናት። በሩን ሳትከፍት መረመረችኝ።

"ክርስቲያን ነህ?"

"አዎ።"

"አረቄ ትጠጣለህ?"

"አልጠጣም።"

"ሌሊት ትዘፍናለህ?"

"ኧረ በፍጹም።"

"ታዲያ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነህ አቦ?" ብላ ከፈተችልኝ። ክፍሉ ሳጥኔን አስቀምጬ ስዞር ግድግዳው የሚነካኝ ነው። አልጋው የታለ ብላት ወደ ግቢው ጠቆመች። ሰዉ ሁሉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ሰማይ እያየ ይተኛል። "ክፍሉ ለሳጥንህ ነው፣ ወላሂ ሰው እዚያ ውስጥ አይተኛም" አለችኝ። ለሳጥን ቤት ስከራይ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ የእርባታው ባለቤት ዘንድ ሄድኩ። ማዳም የሚሏት፣ ባሏ የሞተባት ግሪካዊት ናት፤ ከዚራ ሰፈር ዛፍ በከበበው ግቢ ውስጥ ትኖራለች። ትምህርት ቤት ከብት ማርባት ስማር ያገኘሁትን ሰርተፍኬት ሰጠኋት። አየችውና በእሱ ታራግብ ጀመር።

"ጥሩ ነው። እኔ ግን አልቀጥርም።"

"ታዲያ ማን ነው የሚቀጥረው?"

"ሮብሌ።"

"ሮብሌ ማን ናቸው?"

"እረኛዬ ነዋ።"

ክው አልኩ። እረኛ አለቃውን ሲቀጥር የት አገር አይታችኋል? ማዳም አልገረማትም። "ካንተ በፊት ሰው ልኬበት ነበር። ሮብሌ አልወደደውም። መንጋውን ይዞ በረሃ ገባ፤ ሥራ አስኪያጁ ባዶ ሜዳ ሲያስተዳድር ከረመ" አለችኝ።

ማዳም በጭነት ካሚዮን ላከችኝ፤ ዋሂል የምትባለውን መንደር አልፈን እርባታው ደረስን። መጀመሪያ ያየሁት ቤቱን ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ክዳኑ እውነትም ቆርቆሮ። እናቴን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ያየኋት ያህል ደስ አለኝ። ቀጥሎ ያየሁት መንጋውን ነው። ላሞቹ ጥቂት ናቸው፤ የቀረው በሙሉ ግመል ነው። ደርቄ ቀረሁ። እኔ የተማርኩት ስለ ላም ነው። እኛ አገር ደግሞ ግመል እርም ነው፤ ሥጋውን የበላ፣ ወተቱን የጠጣ ሃይማኖቱን ለወጠ ይባላል።

ሮብሌ ጢሙን ሂና የተቀባ ረጅም የሶማሌ ሽማግሌ ነው። "ወሪያ፣ ና ተቀመጥ" አለኝ። አንዱ እረኛ ባንድ እግሩ ቆሞ፣ ዕቃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግመሏን አለበ። አረፋው እየተነፋ ወጣ። ሮብሌ ጠጣና ለጎኑ አቀበለ፤ ያም ለሚቀጥለው፤ ዕቃው ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ።

"ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እጾማለሁ" አልኩ፤ ያመለጥኩ መስሎኝ።

"ሀዬ፣ እሺ" አለ ሮብሌ። "ነገ ሐሙስ ነው። እንጠብቅሃለን።"

በማግስቱ ዕቃው እንደገና ዞሮ መጣ። ከያዝኩት በሶ ልበላ ብላቸው ሮብሌ አልተቆጣም። "በሶህ ያልቃል። በረሃ ስንወርድ ከዚህ ወተት ሌላ ምግብ የለም። ከኛ ጋር የማይጠጣ ሰው እንግዳ ነው። እንግዳን እናከብራለን፣ ውሃ እንሰጠዋለን፣ መንገድ እናሳየዋለን። አንታዘዘውም ግን" አለኝ።

ቀና ስል ቤቱ ፊት ለፊቴ ነው፤ ቆርቆሮው ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። እናቴ አጎቴ ጓሮ አመድ ስታወጣ ታየችኝ። ዕቃውን በሁለት እጄ ይዤ ጠጣሁ። ጭስ ጭስ፣ ትንሽም ጨው ጨው ይላል። ጣፈጠኝ፤ ከሁሉ ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። ሮብሌ ዕቃውን ከእጄ ተቀበለና የዕቃውን አፍ ሳይጠርግ፣ እኔ በጠጣሁበት በኩል ጠጣ።

"በቃ፣ ሥራ አስኪያጅ ነህ። እዘዝ" አለኝ።

"ምን ልዘዝ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? አለቃው አንተ ነህ!" ብሎ ሳቀ፤ ሁሉም ሳቁ።

ቤቱ ተሰጠኝ። እናቴ በገበያ ቀን ደብረ ብርሃን ስልክ ቤት እንድትመጣ ላክሁባት፤ እኔም ከድሬዳዋ ስልክ ቤት ደወልኩ። ስልኩ ላይ ጮኻ ካልተናገረች የማልሰማት መስሏታል።

"ቤቱን ሰጡህ?"

"ሰጡኝ።"

"ቆርቆሮ ነው?"

"ቆርቆሮ ነው፤ ሁለት ክፍል።"

"እሰይ! ምን ትበላለህ ልጄ?"

ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር። እሷን ግን ከዚያ በፊት ዋሽቻት አላውቅም፤ አሁን ዋሽቼ ባመጣት ደግሞ መጥታ በዓይኗ ልታየው ነው። ነገርኳት።

"የግመል?"

"የግመል፣ እማዬ።"

"አስገድደውህ ነው?"

"አላስገደዱኝም።"

አሁን ድምጿ ወረደ። "ግድ የለም፣ የነፍስ አባታችን ቀኖና ይሰጡሃል። ከዚያ በኋላ አትጠጣም።"

"እጠጣለሁ። ሥራዬ ነው።"

ስልከኛዋ ልንቆርጥ ነው አለች።

"እዚያ አልመጣም" አለች እናቴ። "አንተ ግን ና። ለፋሲካ ሳትመጣ እንዳትቀርብኝ፤ ደጅ አላሳድርህም። ከሐሰን ጣሳ አጠገብ ላንተም አንድ እሰቅልልሃለሁ።"