ዳንቴል የለበሰው ኮምፒዩተር

በደርግ ጊዜ ቦሌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ በአንድ የጭነት ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። አሮጌውን ኮምፒዩተራችንን፣ እቤት ቴሌቪዥኑን እንደማለብሰው፣ በእጄ በሠራሁት ዳንቴል ሸፈንኩት። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ እየሞቀ ይጠቁር ጀመር።

የጥገና ሠራተኛው ኃይሉ መጣ። ዳንቴሉን አጣጥፎ አስቀመጠ፤ ጀርባውን ፈታ፣ አቧራውን ጠረገ፤ ስክሪኑ በራ። ሲሄድ መልሼ አለበስኩት፤ በማግስቱ ጠቆረ። እንዲህ ሲመላለስ ሦስት ሳምንት ሆነ።

የአለቃችን ትዕግሥት አለቀ። "ጓድ ኃይሉ፣ ነገም ከጠቆረ አሻጥር ነው ብዬ አመለክታለሁ።"

አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አለቃው ሲወጡ ኃይሉ ቀስ ብሎ፣ "እህቴ፣ ዳንቴሉ ነው የሚያፍነው" አለኝ።

"መቼ ገባህ?"

"የመጀመሪያው ቀን።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"ከነገርኩሽ በምን ሰበብ እመጣለሁ?"

ተጋባን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ብልጠቱን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሲያወራ ኖረ፤ እኔም እንዳዲስ እስቅለት ነበር። ባለፈው ወር ቀበርኩት። ስክሪኑን የሚያጠቁረው ዳንቴሉ መሆኑ ለእኔም እሱ በመጣ በሁለተኛው ቀን እንደገባኝ ግን ሳልነግረው ቀረሁ።