የእሁድ ክር

አቶ ዕንባቆም የሰው ልብስ ሳይዳስሱ ሰላምታ መስጠት አይሆንላቸውም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ወዳጃቸውን አቅፈው ሲስሙ እንኳ የካፖርቱን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ፈተግ ያደርጉና፣ «ሱፍ ነው ብለው ነው የሸጡልህ? ግማሹ ፕላስቲክ ነው» ይላሉ። ማንም አይቀየማቸውም። በወጣትነታቸው የጨርቅ ኬሚስትሪ ሊማሩ ስዊድን መጥተው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጥጥና ሱፍ ሲነክሩ፣ ሲያቃጥሉና ሲያሸቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፈሳሽ በክር ላይ እንዴት ሽቅብ እንደሚወጣ የጠየቃቸው ሰው ምሳው ይቀዘቅዝበታል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋሉል ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ስቶክሆልም ዳር፣ ሱንድቢበሪ ካለው አፓርታማቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ታላቋ ልጃቸው ናርዶስ ነርስ ናት። ታናሹ ኤልናታን ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሜርስታ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ ኡፕላንድስ ቬስቢ ይኖራል። ፔንደሉን፣ የከተማ ዳር ባቡሩን፣ አንድ ጊዜ ቀይሮ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። እናቲቱ በሕይወት ሳሉ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ ካረፉ በኋላ ግን ያ መንገድ ረዘመ። አባትና ልጅ ስልክ ሲደዋወሉ ስለ አየሩ ብርድ ይነጋገሩና ይጨርሳሉ።

ኤልናታን ቬፕ ያጨሳል። ነገሩ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ናት። ውስጧ ሽቦ አለ፣ በሽቦው መሐል ጥጥ አለ፤ ጥጡ ጣፋጩን ፈሳሽ ይጠጣል፣ ሽቦው ሲግል ፈሳሹ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ሌላው ሰው የተዘጋጀውን ገዝቶ ሲያጨስ፣ ኤልናታን ሽቦውን ራሱ ይጠመጥማል፣ ጥጡንም ራሱ ይሰካል። በጥቅምት የሳንባ ምች ይዞት አራት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሟም አባቱ አጠገቡ ተቀምጠው ሳለ፣ «ይህን ነገር ካልተውክ የሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ በቀላሉ አያልፍም» አለችው። ኤልናታን አንገቱን ደፋ። ያሳፈረው ማጨሱ አልነበረም፤ ነገሩ አባቱ ፊት መነሣቱ ነው።

በእኛ አገር ልጅ አባቱ ፊት አያጨስም። አባት ያውቃል፤ ልጅም አባቱ እንደሚያውቅ ያውቃል፤ ሆኖም ሁለቱም አያውቁም። ይህን ደንብ ወይዘሮ ሸዋሉል ስቶክሆልም ድረስ ይዘውት መጥተው፣ ስዊድን የተወለዱ ልጆቻቸውን «እርስዎ» ማለት ካስተማሩበት ትምህርት ጋር አብረው አስተምረውታል። አቶ ዕንባቆም ከሆስፒታሉ ሲወጡ ልጃቸውን አንድ ጊዜ ብቻ «ተወው እንግዲህ» አሉት። «እሺ አባባ» አለ። ይህን የመሰለ «እሺ» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አባት የለም።

በኅዳር አንድ እሁድ ኤልናታን ምሳ በልቶ ሲሄድ ከኪሱ ጥቁርና ቡናማ የሆነች ቁራጭ ጥጥ ምንጣፉ ላይ ወድቃ ቀረች። ሌላ አባት ቢሆን በመጥረጊያ ያነሣት ነበር። አቶ ዕንባቆም ግን በመቆንጠጫ አነሥተው፣ ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት አዩዋት። በማግስቱ ደወሉ።

«ኤልናታን፣ ትናንት ከኪስህ የወደቀች ጥጥ አለች።»

ከወዲያ ማዶ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«አየኋት። በደንብ አልተቀቀለችም፣ ሰሟ አልወጣላትም። ሰም ያለው ጥጥ ቶሎ አይጠጣም። ስለዚህ ቶሎ ያርራል።»

«ፕረሲስ! ልክ ነው፣ አባባ» አለ ልጁ። «ያርራል። እንዴት አወቁ?»

በድምፁ ውስጥ አቶ ዕንባቆም ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሰሙት ደስታ ነበር። «እኔ የተሻለ ክር እሠራልሃለሁ፤ እሁድ ና» አሉት። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ነው ያሰቡት ነገር ቅርጽ የያዘው። ናርዶስ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ወይዘሮ ሸዋሉል ጡት ያስጣሏት መስኮት ላይ ካለ ማሰሮ እሬት ቆርጠው ጡታቸውን በመቀባት ነበር። አንድ ጊዜ ቀምሳ ፊቷን አዞረች፣ በቃ አለቀ። ጣዕሙን ካበላሹበት ኤልናታንስ ለምን አይተወው? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያቃጠሉት ክር ሁሉ ምን ምን እንደሚሸት የሚያውቁ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ መሐል የከፋ የከፋውን መምረጥ አያቅታቸውም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

መጀመሪያ ከሐበሻ ሱቅ የገዙት ቆጮ የታሰረበትን ቃጫ አበጥረው ሰጡት። ኤልናታን ሽቦው ውስጥ አስገባ፣ ፈሳሽ አንጠባጠበ፣ ዕቃዋን በእጁ ሸፍኖ ወደ በረንዳ ወጣና የመስታወቱን በር ከኋላው ዘጋ። አቶ ዕንባቆምም እንደ ደንቡ ጀርባቸውን ሰጥተው የታጠበ ብርጭቆ እንደገና አጠቡ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«ትንሽ የጆንያ ጣዕም አለው» አለ በጨዋ ደንብ። «ግን ፈሳሹን በደንብ ይጠጣል፣ አባባ።»

በሁለተኛው እሁድ ከሐይቁ ዳር የለቀሙትን የደረቀ ሳማ ግንዱን ልጠው፣ በሶዳ ቀቅለው፣ በማሞቂያው ኤለመንት ላይ አድርቀው አቆዩት። በሦስተኛው የተልባ ግንድ ክር ቀረበ። በአራተኛው ሱፍ መጣ፤ ከአንድ ገበሬ ያመጡት፣ ላቡ ያልለቀቀ የበግ ሱፍ። ይህን ትቬትስቱጋው ውስጥ፣ የጋራው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ማለት ነው፣ በማሽን ስላጠቡት በማግስቱ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ «ይህ የልብስ ማጠቢያ ነው። በግ የሚያጥቡ ጎረቤታችን እባክዎ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። መልካም ቀን።» ኤልናታን ወረቀቱን ሲያነብ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉም እስኪያጎነብስ ያዘው። ከዚያ ሱፉን ይዞ በረንዳ ወጣ።

የተቃጠለ ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ነው የሚሸተው። በበሩ ስንጥቅ ሽታው ሲገባ አቶ ዕንባቆም በተስፋ፣ አሁን አለቀ አሉ። ልጁ ግን ተመልሶ ገብቶ ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። ለካ ለእያንዳንዱ ክር በስዊድንኛ ነጥብ ይሰጥ ኖሯል። ለሱፉ ከዐሥር ስድስት ጻፈለት። የተረፈውንም በጥንቃቄ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ።

በጥር መጀመሪያ ናርዶስ ደወለች።

«አባባ፣ ኤልናታንን ምን እያደረጉት ነው?»

«ምን አደረግሁት?»

«ሐሙስ እኔ ጋ መጥቶ ነበር፣ ሌሊቱን ሲስል አደረ። ዕቃውን ከፍቼ አየሁት። የተቃጠለ በግ ነው እኮ የሚሸተው። ለምን አትጥለውም ስለው ምን አለኝ መሰለዎት? ‹አባባ እሁድ ይጠይቁኛል፣ በደንብ ካልሞከርኩት ምን እላቸዋለሁ፤ እማዬ ከሞተች ወዲህ ደውለው ና ያሉኝ ለዚህ ብቻ ነው› አለኝ።»

«ሳምንቱን ሁሉ ያጨሰዋል? የኔን ክር?»

«ሳምንቱን ሁሉ» አለች ናርዶስ፣ ቀጥላም ስለ ሳንባው በስዊድንኛ ብዙ ነገር ነገረቻቸው።

ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይህ ነው። አቶ ዕንባቆም አፈሩ፤ ከማፈራቸውም በላይ ፈሩ። ያን ሱፍ በገዛ እጃቸው አበጥረው ነው የሰጡት። ቅዳሜን ሙሉ ቤት ውስጥ ሲንጎራደዱ ዋሉ። ሙከራው ይብቃ ቢሉት መምጣቱን ይተዋል፣ እዚያ ብቻውን ሆኖ ያጨሳል። ይቀጥል ቢሉ በእጃቸው ይገድሉታል። እውነቱን ቢነግሩት፣ አባቱ እንዳታለለው ያውቃል። ወዲህም ገደል፣ ወዲያም ገደል ሆነባቸው። ከሶፋው ላይ ቁጭ እንዳሉ ነው እንግዲህ የረሱት ነገር ትዝ ያላቸው። እሬቱ የሠራው ለናርዶስ ነው። ኤልናታንን ሲያስጥሉት ወይዘሮ ሸዋሉል ያንኑ እሬት ተቀብተው ነበር፤ ሕፃኑ ጡቱን ያዘ፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ፣ ግን አልለቀቀም። እያለቀሰ ጠባ። በሦስተኛው ቀን ሸዋሉል መታጠቢያ ቤት ገብተው እሬቱን በሳሙና አጥበው ወጡ። «ምን ላድርገው?» ነበር ያሉት። ያኔ አቶ ዕንባቆም ስቀውባቸዋል።

እሁድ ኤልናታን መጣ። ውጭው ከዜሮ በታች ዐሥራ አንድ ነው። ጫማውን እያወለቀ፣ ገና ከበሩ ሳይርቅ፣ «ዛሬ ምን አለን?» አለ።

«ምንም የለም። ተቀመጥ» አሉት። ተቀመጠ። «ክሮቹ... ሆን ብዬ ነው፣ ልጄ። እንዲያስጠሉህ ብዬ ነው የከፋውን የመረጥኩት።»

ኤልናታን እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ከተተ።

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለ።

«ምኑን?»

«ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ሱፍ ሲቃጠል ምን እንደሚሸት ያጣሉ? ከቃጫው ጀምሮ አውቄአለሁ።» ቀና ብሎ አያቸውም። «እኔም እንዲያስጠላኝ ብዬ ነው ያጨስኩት። ይሠራል ብዬ ነበር። ሥራ ላይ ሆኜ፣ ባቡር ስጠብቅ፣ ሁሌ የእርስዎን ክር ብቻ ነው ያደረግሁት። ያስመልሰኛል፣ ከዚያ እንደገና እስባለሁ። አልቻልኩም።»

አቶ ዕንባቆም ሊቆጡ አስበው ነበር፤ ሊለምኑም አስበው ነበር፤ ሊመክሩም። ይህ ልጅ ግን ምክሩን ተቀብሎ፣ መድኃኒቱን ሳያጎድል ወስዶ፣ እንዳልዳነ ነው የነገራቸው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ እሳቸው ስለ ክር የማያውቁት ነገር ሳይኖር ለገዛ ልጃቸው የሚሆን አንድም ነገር አላወቁም።

ኤልናታን ተነሣ። እጁ ኪሱ ውስጥ ያችን ዕቃ ይዟል፤ ውስጧ አሁንም ያው የከሰለ ሱፍ ነው። ወደ በረንዳው ሲራመድ «ቆይ» አሉት።

ከመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ላይ አንድ መሶበ ወርቅ አወረዱ። በውስጡ ወይዘሮ ሸዋሉል ለኤልናታን ሠርግ ጋቢ ሊፈትሉለት ከአገር ቤት አስመጥተው፣ በእጃቸው ነድፈው ያዘጋጁት ባዘቶ አለ። አንድ እንዝርት ሙሉ እንኳ ሳይፈትሉለት ነው ያረፉት። ከዚያ ወዲህ ክዳኑን የከፈተው ሰው አልነበረም። ከነጩ ባዘቶ ሁለት እፍኝ ቀንሰው ድስት ውስጥ ከሶዳ ጋር ጣዱ። ሰሙ እስኪወጣለት ቀቀሉት፣ ሦስት ጊዜ አለቀለቁት፣ ጨምቀው ኤለመንቱ ላይ ዘረጉት። በሕይወታቸው ሙሉ እንደዚያን ቀን ተጠንቅቀው የሠሩት ክር የለም። እስኪደርቅ ሁለቱም ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዳር ተቀምጠው ጠበቁ። ኤልናታን የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቶቹ ይመታል፤ አቶ ዕንባቆምም እንዳላዩ ሆኑ።

ሲደርቅ ሰጡት። ልጁ ሱፉን ነቅሎ ጥሎ፣ አዲሱን ሰክቶ፣ ፈሳሹን አንጠባጥቦ በረንዳ ወጣ። በዚያን ቀን ግን አቶ ዕንባቆም ጀርባቸውን አልሰጡም። በመስታወቱ አዩት። ጃኬቱን እንኳ ሳይደርብ ነው የወጣው። አንድ ጊዜ ሳበ፤ ቅዝቃዜው ከእንፋሎቱ ጋር ሳንባው ሲገባ ሳል ያዘው፣ የበረንዳውን ብረት ጨብጦ ጎበጠ። ሳሉ ጋብ ሲልለት እንደገና ሳበ። እንደገናም ሳለ።

አቶ ዕንባቆም በሩን ከፈቱ።

«ግባ።»

«መጣሁ፣ ልጨርስ...»

«ግባ እዚሁ ጨርስ።»

ኤልናታን ደንግጦ አያቸው። «ነውር ነው፣ አባባ።»

«ግባ ብዬሃለሁ። ብርዱ ይገልሃል።»

ገባ። ሳሎን ውስጥ፣ ከእናቱ ፎቶግራፍ ትይዩ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዕቃዋን በሁለት እጁ ይዞ ረዥም ጊዜ ወለሉን አየ። ከዚያ ፊቱን ትንሽ ዘወር አድርጎ ሳበ። ነጭ እንፋሎት ክፍሉን ሞላው። የቀደሙት ክሮች የነበራቸው የከረረ ሽታ የለውም።

«እንዴት ነው?» አሉ አቶ ዕንባቆም።

«ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። እንደዚህ ዓይነት አይቼ አላውቅም።» እንደ ልማዱ ደብተሩን አወጣ። «ምን ብዬ ልጻፍ? የምን ክር ነው?»

ዋሽተው ቢሆን በቀለላቸው፤ ግን ከእንግዲህ ሌላ ተንኮል ለማሰብ አቅም አልነበራቸውም።

«የእናትህ ባዘቶ ነው። ለጋቢህ ያለችው።»

የኤልናታን እስክሪብቶ ደብተሩ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ፎቶግራፉን አየ፣ ከዚያ በእጁ ያለችውን ዕቃ አየ። ፊቱ ተጨማደደ፤ እንባው ዱብ ዱብ ሲል አቶ ዕንባቆም እዚያው ቆመው አዩ። አሁን ያስቀምጣታል አሉ በልባቸው።

ኤልናታን እያለቀሰ ሳበ።

አቶ ዕንባቆም ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ተመልሰው፣ ከመሶቡ ለሳምንት የሚበቃውን ያህል ቀንሰው፣ ድስቱን እንደገና ጣዱ።