ለወፍ የተሸመነ ከረጢት

ዝናቡ ሊጀምር ሲል ቢጫዎቹ ወፎች የአጥሬን ሙዝ ቅጠል እየተለተሉ ጎጆ መሥራት ይጀምራሉ። ዛሬ ጠዋት አንዱን ቆሜ ሳየው «ስንት ግራም ይመዝን ይሆን?» አልኩ ለራሴ፤ ጥያቄው የሰማንያዎቹን መጨረሻ ይዞብኝ መጣ።

ያኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ልጆቹ «እትዬ አልማዝ» ይሉኛል፤ ግማሹ ለአክብሮት፣ ግማሹ ለሹፈት። ከአዲስ አበባ ለጥናት የመጣው መላኩ የቀጠረኝ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው። እኩያዬ ቢሆንም «አቶ» እለው ነበር፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ነዋ።

ከምንጮቹ በታች፣ ጫካው ዳር፣ ስስ መረብ ዘርግተን ወፎቹን እንይዛለን። እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት እናደርግና ቅልጥማቸውን እንለካለን፤ ከዚያ በጨርቅ ከረጢት መዝነን እንለቃቸዋለን። የከረጢቱን ስምንት ግራም ቀንሼ የምመዘግበው እኔ ነኝ። መላኩ ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፦ ትልቅነት ከወላጅ የሚወረስ ከሆነ፣ ክፉ በጋ የሚያተርፈው ትልልቆቹን ነው ወይስ ትንንሾቹን?

የኅዳሩን ሥራ እንደጨረስን ከረጢቱ ተቀደደ። ዶርዜ ወጥቼ ሸማኔው አጎቴን ሌላ ለመንኩት።

«ለወፍ?» አለ። «ሰው በብርድ እየተንቀጠቀጠ ለወፍ ጋቢ ልሸምን?»

ሸመነልኝ ግን፤ እንደ እጁ ሥራ ሁሉ ጥቅጥቅ ያለ።

በጋው ከፋ። ሣሩ ነጣ፣ የሲቀላ ሰፈር መንገድ አቧራ ምሳችን ውስጥ ሳይቀር ይገባ ነበር። በመጋቢት ቀለበት ያላቸውን መልሰን የያዝናቸው ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ከብደዋል። መላኩ ክብደቱን ብቻ አይቶ «ትልልቆቹ ናቸው የተረፉት!» ብሎ ለመምህሩ ደብዳቤ ላከ።

እኔን ግን ከነከነኝ። አንዲት ቅልጥመ አጭር ወፍ እንኳ ሁለት ግራም ያህል ጨምራለች። በረሃብ ጊዜ ሁሉም እኩል ይወፍራል? ባዶውን ከረጢት ሚዛኑ ላይ ሰቀልኩት። አሥር ግራም።

ሁለት ቀን መዝገቡን ስገልጥና ስዘጋ ዋልኩ። ብናገር ሥራዬን ላጣ ነው፤ ዝም ብል፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት ውሸት መሆኑ ነው።

በሦስተኛው ቀን «አቶ መላኩ፣ የወፈሩት ወፎቹ አይደሉም» አልኩት። «ከረጢቱ ነው። አዲሱን ሳልመዝን የአሮጌውን ስቀንስ ከረምኩ።»

መዝገቡን ሳበ። ከሰዓቱን ሙሉ ከእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ግራም ስንቀንስ ዋልን። አንድም የወፈረ የለም። ቅልጥማቸውን በኅዳር ከያዝናቸው ሁሉ ጋር ስናስተያይ ደግሞ ከተረፉት የሚበዙት ቅልጥመ አጭሮቹ፣ ትንንሾቹ ናቸው፤ ትንሽ እህል የሚበቃቸው። የመጪው ዓመት ጫጩቶችም የእነሱ ልጆች መሆናቸው ነው።

ሌላ ደብዳቤ ጽፎ አነበበልኝ። «ስህተቱ የእኔ ነው» ይላል።

«ይሄም ስህተት ነው» አልኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልሸፍንልሽ ብዬ እኮ ነው!»

«ያርሙት።»

ሳቀ። ሰረዘና ስሜን ከነአባቴ ጻፈው። በማግሥቱ መረቡን እንደ ወትሮው አብረን ዘረጋን።

ስሜ መጀመሪያ ከአርባ ምንጭ ወጥቶ ትልቅ ሰው ፊት የቀረበው በስህተቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ዲግሪ ይዣለሁ፣ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ በየመድረኩም አስተዋውቀውኛል። እንደዚያ ደብዳቤ በልኬ ያስተዋወቀኝ ግን የለም።